ለደሴና ለኮምቦልቻ ፎቶ ቤቶች፦ የሞኒተርን ብርሃንና ቀለም ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

አልበሙ ከማተሚያ ሲመለስ የሙሽራዋ ፊት ጠቁሮ፣ የሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ አንድ ወጥ ጨለማ ሆኖ፣ ቬሎው ወደ ግራጫ ተለውጦ ይገኛል። ፎቶ ቤቱ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል፤ ማተሚያ ቤቱም «የላካችሁልንን ነው ያተምነው» ይላል። ነገሩ ሲጣራ ብዙ ጊዜ እውነቱ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ነው። ፋይሉ ራሱ ጨለማ ነበር፤ ስክሪኑ ከልክ በላይ ስለሚያበራ ግን አስተካካዩ ጨለማውን ሊያየው አልቻለም።

በከተሞቻችን ፎቶና ዲዛይን የምንሠራ ሰዎች «ቀለሙ አልመጣም» እያልን የምናማርረው ችግር አብዛኛው የብርሃን ችግር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከውድ መሣሪያ አይነሳም። መጀመሪያ ክፍሉ ይስተካከላል፣ ቀጥሎ የስክሪኑ ብርሃን፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ሶፍትዌሩና ኅትመቱ። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው መለኪያ መሣሪያ ቢገዛም ብዙ አይጠቀምም። ሰኞ ገበያ ላይ ሚዛኑ ካዘመመ ድንጋዮቹ ትክክል መሆናቸው ለገዢው ምን ይፈይድለታል?

1ኛ፦ ክፍሉ

ዓይናችን «ይህ ነጭ ነው» ብሎ የሚወስነው ዙሪያውን ባለው ብርሃን ተመርቶ ነው። ደሴ ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን በመስኮት የሚገባው ብርሃን ደብዛዛና ወደ ሰማያዊ ያደላ ይሆናል፤ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ያው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ክፍል ይመስላል። ሀረጎን ወርዳችሁ 600 ሜትር ያህል ዝቅ የምትለው ኮምቦልቻ ስትደርሱ ችግሩ የፀሐዩ ጉልበትና ከፊት ለፊት ቆርቆሮ ጣሪያ እየነጠረ የሚገባው ነጸብራቅ ነው። ጠዋት ያስተካከላችሁት ፊት ከሰዓት በኋላ ቀልቶ ከታያችሁ ስክሪኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው።

ከውጭ አገር የሚመጡ መመሪያዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ያለበት ክፍል ምረጡ፤ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም» ይላሉ። ይህ ምክር ለአውሮፓ የተጻፈ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩላችን ነው። ስለዚህ መስኮቱ ወደየትም ይይ፣ ወፍራም ጥቁር ወይም ግራጫ መጋረጃ አድርጉለት። ስክሪኑን መስኮት ከፊቱም ከጀርባውም በማይሆንበት ጎን አስቀምጡት።

የግድግዳው ቀለም ቀላል ነገር አይደለም። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ከሆነ ዓይናችሁ አረንጓዴውን ይለምድና ፊቶች ሁሉ ከልክ በላይ ሮዝ ሆነው ይታዩታል፤ ያንን ለማረም አረንጓዴ ትጨምራላችሁ፤ ደንበኛው የሚረከበው የታመመ የሚመስል ፊት ይሆናል። ከነጭ ቀለም ላይ ጥቂት ጥቁር ደባልቃችሁ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ብቻ ግራጫ ቀቡት። ጥቁሩ ሲደባለቅ ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ስለሚችል ሲደርቅ ከነጭ ወረቀት ጋር አስተያዩት። የኮምፒውተሩ የጀርባ ሥዕልም ግራጫ ይሁን። ለቀለም ሥራ ስትቀመጡ ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ሹራብ አትልበሱ፤ ስክሪኑ ላይ ይነጸባረቃል።

አምፖሉን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ነጭ ኤልኢዲ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል)፣ ቢጫው ደግሞ 3000 ኬልቪን ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በመካከል ያለው፣ ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን የሆነው ነው። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (CRI) ወይም አርኤ (Ra) የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳትከራከሩ ግዙት። ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነ አምፖል ቀይን በደንብ አያሳይም፤ የእኛ የቆዳ ቀለም ደግሞ አብዛኛው ሕይወቱ ያለው ቀዩ ላይ ነው። አምፖሉ ስክሪኑን በቀጥታ እንዳይመታው ወደ ግድግዳው አዙሩት፤ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ፣ ግን ያልጨለመ ይሁን።

2ኛ፦ ስክሪኑን ከማስተካከል በፊት

ሞኒተሩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በርቶ ይቆይ። ሲሞቅ ብርሃኑም ቀለሙም ትንሽ ስለሚለወጥ በቀዝቃዛ ስክሪን ላይ የተደረገ ልኬት አይታመንም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ይኸው ነው፤ ቀለም የሚጠይቀውን ሥራ ለጥቂት ጊዜ አቆዩትና ፎቶ በመምረጥ ወይም ፋይል በማደራጀት ሰዓቱን ተጠቀሙበት።

ከዚያ በሞኒተሩ ቁልፎች ሜኑውን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሱት። ቀጥሎ የሚጠፉት ብዙ ናቸው፦ ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ ሞድ፣ የጨዋታና የፊልም ሞዶች፣ ሻርፕነስን የሚያጋንን ማንኛውም ነገር፣ በክፍሉ ብርሃን መጠን ራሱን የሚቀያይር ሴንሰር። ዊንዶውስ ላይ ናይት ላይትን እና ኤችዲአርን አጥፉ። ማክ ላይ ትሩ ቶንንና ናይት ሺፍትን አጥፉ። ዓይናቸውን ለመጠበቅ ብለው ስክሪን የሚያቢጭ ፕሮግራም የጫኑም ቢያንስ በሥራ ሰዓት ይዝጉት።

ላፕቶፕ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ላፕቶፖች ባትሪ ላይ ሲሆኑ ኃይል ለመቆጠብ በስክሪኑ ላይ እንደሚታየው ምስል ብርሃኑንና ኮንትራስቱን በራሳቸው ይለዋውጣሉ። ጥቁር የበዛበት ፎቶ ስትከፍቱ ስክሪኑ ቀስ ብሎ ሲደበዝዝ ካያችሁ ይህ ነው። ኢንቴል ግራፊክስ ባላቸው ላይ በግራፊክስ ኮማንድ ሴንተሩ የኃይል ገጽ ውስጥ «ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ» የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህች አንድ ምልክት ብዙ የተበላሸ ሥራ ታድናለች።

ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ከተገናኘና ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ መስሎ ከታየ ሞኒተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት የግራፊክስ ካርዱን ሴቲንግ ተመልከቱ። አንዳንዴ ካርዱ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን መስሎት ከ16 እስከ 235 ያለውን ብቻ ይልካል። «ፉል» ወይም ከ0 እስከ 255 የሚለውን ምረጡ።

ስለ ስክሪኑ ዓይነትም አንድ ቃል። ቲኤን የሚባለው ርካሽ ፓኔል ጭንቅላታችሁን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ቀለሙም ብርሃኑም ይቀያየራል፤ የቱንም ያህል ብታስተካክሉት ለፊት ሥራ አይሆንም። 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ ተብለው የሚሸጡ የላፕቶፕ ስክሪኖችም ኤስአርጂቢ (sRGB) የተባለውን መደበኛ የቀለም ክልል ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው የሚያሳዩት። ማስተካከል ስክሪኑ የሌለውን ቀለም አይፈጥርለትም። ገንዘብ አጥሮ መምረጥ ግድ ከሆነ፣ እኔ ከመለኪያ መሣሪያ በፊት ኤስአርጂቢን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍን ያገለገለ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ እምብዛም የማይቀያየር ፓኔል ያለው) ሞኒተር እገዛለሁ። ስትገዙ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ጠርዞቹ ቢጫ አለመሆናቸውን እዩ።

3ኛ፦ ብርሃኑን በካሜራችሁ ለኩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ ልታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ለኅትመት የሚሠራ ስክሪን ብርሃኑ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በካሬ ሜትር እንዲሆን ይመከራል። አዲስ ሞኒተር ከካርቶኑ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ 250ና ከዚያ በላይ ያበራል፤ ማለትም ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ። ያንን ስክሪን እያየ የሚያስተካክል ሰው ፎቶውን ሳያውቀው ያጨልመዋል።

ብርሃኑን ለመለካት የምትፈልጉት መሣሪያ እጃችሁ ላይ ነው። የካሜራ ሜትር ብርሃንን የሚለካው በታወቀ ቀመር ስለሆነ ስክሪኑንም መለካት ይችላል። እንዲህ ነው፦

ክፍሉን አጨልሙ። ፎቶሾፕ ውስጥ ንጹሕ ነጭ ገጽ፣ ሦስቱም ቁጥሮች 255 የሆኑበትን፣ ስክሪኑን ሙሉ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ክፈቱ። ካሜራውን ማኑዋል ላይ፣ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 4፣ ሜትሩን ስፖት ላይ አድርጉት። ፎከሱን ወደ ማኑዋል አዙራችሁ ምስሉን አደብዝዙት፤ የስክሪኑ ነጥቦች ልኬቱን እንዳያዛቡ ነው። ካሜራው ከነጩ ሌላ ምንም እንዳያይ ተጠግታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ መሃል አነጣጥሩ። ሜትሩ ልክ ዜሮ ላይ እስኪቆም ሸተሩን ቀይሩ። ዜሮ ላይ ሲቆም የሸተሩን የታችኛውን ቁጥር በ2 አባዙት፤ የስክሪኑ ብርሃን ያ ነው። 1/60 ላይ ከቆመ 120 ካንዴላ፣ 1/50 ላይ 100፣ 1/40 ላይ 80፣ 1/125 ላይ ከቆመ ደግሞ 250 ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣውን 18-55 ሌንስ ስታጠጉት አፐርቸሩ 5.6 ላይ ከተገደበ ቁጥሩን በ2 ፈንታ በ4 አባዙት፤ ያኔ 1/30 ማለት 120 ነው።

አሁን ሸተሩን 1/50 ላይ ትታችሁ ሜትሩ ዜሮ እስኪያሳይ የሞኒተሩን ብራይትነስ ቀንሱ። ኮንትራስቱን አትንኩት፤ ፋብሪካው በተወው ይቆይ። በብዙ ሞኒተሮች ላይ ብራይትነሱ ከ20 እስከ 35 ድረስ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ስታዩት ስክሪኑ የሞተ ይመስላችኋል። ወደኋላ አትመልሱት። አንድ ሙሉ ቀን ሥሩበት፤ ዓይን ይለምዳል።

ይህ ዘዴ የላቦራቶሪ ልኬት አይደለም። ሌንሱም ሜትሩም ትንሽ ስለሚለያዩ ውጤቱ በጥቂት ካንዴላ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ግን በ250 እና በ100 መካከል ያለውን ልዩነት በማያሻማ መንገድ ያሳያችኋል፤ አልበሞቻችንን የሚያጨልመው ደግሞ ያ ልዩነት ነው።

4ኛ፦ መለኪያ መሣሪያ ለሌለው

ብርሃኑ ከተስተካከለ በኋላ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ የቀለም ሙቀቱን 6500 ኬልቪን ላይ አድርጉ። ኤስአርጂቢ የሚል ሞድ ካለው እሱን ሞክሩት፤ አንዳንድ ሞኒተሮች ግን በዚህ ሞድ ብራይትነስ እንዳይቀየር ይቆልፋሉ። ተቆልፎ የቀረው ብርሃን ለእናንተ ከበዛ ሞዱን ተዉትና «ዩዘር» ወይም «6500» የሚለው ላይ ሥሩ። 9300 ወይም «ኩል» የሚለው ላይ ያለ ስክሪን ሁሉን ነገር ያሰማያዋል፤ በእሱ የተስተካከለ ፎቶ ሲታተም ቢጫ ይሆናል።

ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ «ካሊብሬት ዲስፕሌይ ከለር» ብላችሁ ስትጽፉ የራሱን ማስተካከያ ይከፍትላችኋል። ጋማ (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ግራጫዎች ምን ያህል እንደሚበሩ የሚወስነው) የሚለውን ደረጃ በጥንቃቄ ሥሩት፤ በክቦቹ መሃል ያሉት ነጥቦች እስኪጠፉ ድረስ። ዓላማው ጋማ 2.2 ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በዓይን እንድታመዛዝኑ የሚጠይቀውን ደረጃ ግን እንድታልፉት እመክራለሁ። ዓይን ብርሃንን ከብርሃን ማወዳደር ይችልበታል፤ «ይህ ግራጫ ንጹሕ ነው ወይ» ለሚለው ጥያቄ ግን የሚለምደውን ሁሉ «አዎ» የሚል ምስክር ነው።

ከዚያ ፎቶሾፕ ውስጥ ሁለት ነገር አዘጋጁ። አንደኛው ፍጹም ጥቁር ገጽ ላይ 5፣ 10፣ 15 እና 20 የሆኑ አራት ሳጥኖች። 10 በጭላንጭል፣ 15 እና 20 በግልጽ መታየት አለባቸው። 20ው እንኳ ካልታየ ጥላ ውስጥ ያለውን የሱፍና የፀጉር ዝርዝር በጭፍን እየሠራችሁ ነው። በነጩ በኩልም 255 በሆነ ገጽ ላይ 250 እና 245 የሆኑ ሳጥኖች ሥሩ፤ የቬሎው ዳንቴል የሚኖረው እዚያ ነው። ሁለተኛው ከጥቁር እስከ ነጭ የሚሄድ ግራጫ ቅልመት ነው። በየትኛውም ቦታ ላይ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ጥላ ካለ ስክሪኑ ያለ መለኪያ መሣሪያ የሚስተካከል አይደለም።

5ኛ፦ በመለኪያ መሣሪያ

ከለሪሜትር የሚባለው ይህ መሣሪያ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ሶፍትዌሩ የሚያሳየውን እያንዳንዱን ቀለም ያነባል። በብዛት የሚታወቁት የዴታከለር ስፓይደር እና ካሊብራይት ናቸው፤ የካሊብራይቶቹ ቀደም ሲል ኤክስ-ራይት በሚል ስም ይሸጡ ነበር። ያገለገለ ስትገዙ በጣም የቆዩትን ሞዴሎች አትመኑ። ውስጣቸው ያለው ፊልተር ከዓመታት በኋላ ስለሚደበዝዝ መሣሪያው ራሱ ይሳሳታል።

መሣሪያው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። የመጀመሪያው ስክሪኑን ወደምንፈልገው ነጥብ ማምጣት ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የቀረውን ጉድለት ለክቶ አይሲሲ ፕሮፋይል በሚባል ፋይል መመዝገብ ነው። ፎቶሾፕ ያንን ፋይል እያነበበ ጉድለቱን ያካክሳል። ስለዚህ ፕሮፋይል የአንድ ሞኒተር የግል መታወቂያ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ወይም ጓደኛችሁ በፍላሽ የሰጣችሁ፣ ሞዴሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ፣ የእናንተን ስክሪን አይገልጽም።

አሠራሩ ይህ ነው። የመሣሪያውን ሶፍትዌር ጫኑ፤ ወይም ነጻ የሆነውንና አርጂል በተባለው ፕሮግራም ላይ የቆመውን ዲስፕሌይካል ተጠቀሙ። የሞኒተሩን የብርሃን ምንጭ ዓይነት ሲጠይቃችሁ በግምት አትለፉት፤ አብዛኛው መደበኛ ሞኒተር ነጭ ኤልኢዲ ነው፣ ሰፊ ቀለም የሚያሳዩት ግን ሌላ ምርጫ አላቸው። ዒላማዎቹን እንዲህ ሙሉ፦ ነጭ ነጥብ ዲ65 ማለትም 6500 ኬልቪን ገደማ፣ ጋማ 2.2፣ ብርሃን 100 ካንዴላ። ክፍላችሁን ማጨለም ካልቻላችሁ 120 አድርጉት። ከዚያ በላይ ከመሄድ መጋረጃውን ማወፈር ይሻላል።

ስክሪኑን በስሱ ወደኋላ አዘንብሉትና መሣሪያው መሃል ላይ ለጥ ብሎ እንዲያርፍ አድርጉ። በጎኑ ብርሃን የሚገባበት ክፍተት ካለ ልኬቱ ይበላሻል። ሶፍትዌሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮች ያሳያችኋል፤ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ያሉትን ሦስት የቀለም ቁጥሮች እያንቀሳቀሳችሁ መስመሮቹን እኩል አድርጉ። እዚህ ላይ ምክሬ ከፍ ያለውን መቀነስ እንጂ ዝቅ ያለውን ከፋብሪካው ቁጥር በላይ መጨመር አይደለም፤ ሲጨመር ነጩ ቶሎ ይቃጠላል። ከዚያ ብራይትነሱን ወደ ዒላማው አምጡና ልኬቱን አስጀምሩ። እንደ ምርጫችሁ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ መሃል ማውሱን አትንኩ፤ ስክሪን ሴቨሩም ይጥፋ።

ዲስፕሌይካል የፕሮፋይሉን ዓይነት ሲጠይቃችሁ «ሲንግል ከርቭ ፕላስ ማትሪክስ» የሚለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ከብዙ ፕሮግራሞች ጋር ያለ ችግር ይግባባል። ስሙን የሞኒተሩን ሞዴልና ቀኑን አድርጉት። በመጨረሻ የማረጋገጫ ሪፖርት አሠሩ። ዴልታ ኢ የሚባለው ቁጥር የስህተቱ መጠን ነው፤ አማካዩ ከ2 በታች ከሆነ ለፎቶ ሥራ ጥሩ ነው፣ ከ1 በታች የሆነ ልዩነት በተራ ዓይን ለማየት ይከብዳል።

ዊንዶውስ ላይ «ከለር ማኔጅመንት» ገብታችሁ አዲሱ ፕሮፋይል ለዚያ ሞኒተር ዲፎልት መሆኑን አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነቃ ማስተካከያው አንዳንዴ ሳይጫን ይቀራል። ስክሪኑ ድንገት ወደ ሰማያዊ ካደላባችሁ ሪስታርት አድርጉት።

6ኛ፦ ፎቶሾፕ

ብዙ ሰው ደክሞ የሠራውን ፕሮፋይል እዚህ ያበላሸዋል። «ኢዲት» ውስጥ «ከለር ሴቲንግስ» ስትገቡ የአርጂቢ ዎርኪንግ ስፔስ በሚለው ቦታ የሞኒተራችሁን ፕሮፋይል አታስገቡ። እዚያ የሚገባው ኤስአርጂቢ ነው። የሞኒተሩን ፕሮፋይል ፎቶሾፕ ከዊንዶውስ ራሱ ያነበዋል። ላይትሩምም እንዲሁ።

ኤስአርጂቢን ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 አቀረቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። ፎቶ አጣቢ ማሽኖችም ስልኮችም ኢንተርኔቱም ያለ ጥያቄ የሚረዱት እሱን ነው። ካሜራችሁ አዶቤ አርጂቢ የሚል ምርጫ ቢኖረውም፣ ማተሚያ ቤቱ በግልጽ ካልጠየቃችሁ በቀር አትንኩት። በአዶቤ አርጂቢ የተቀመጠ ፎቶ ፕሮፋይል የማያነብ ፕሮግራም ሲከፍተው የደከመና የገረጣ ሆኖ ይታያል። እጃችሁ ላይ ያለውን ለመቀየር «ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል» የሚለውን ተጠቀሙ፤ «አሳይን ፕሮፋይል» (Assign Profile) የሚለው ቁጥሮቹን ትቶ ትርጉማቸውን ብቻ ስለሚለውጥ ቀለሙን ያናጋል።

ባነርና ፖስተር ለምትሠሩ ዲዛይነሮች፦ ፎቶሾፕ ውስጥ «ሞድ» ገብታችሁ ሲኤምዋይኬ (አራቱ የኅትመት ቀለሞች) ስትጫኑ፣ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የሚለወጠው ለአሜሪካ ጥቅል ወረቀት ኦፍሴት ማሽን በተሠራው ስዎፕ በሚባል ፕሮፋይል ነው። ኮምቦልቻ ካለ የፍሌክስ ባነር ማሽን ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ማተሚያ ቤቱን «የማሽናችሁን አይሲሲ ፕሮፋይል ስጡን» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌላቸው በአርጂቢ ላኩላቸውና የማሽኑ ሶፍትዌር ራሱ ይለውጠው። ፕሮፋይሉን ካገኛችሁ «ቪው» ውስጥ «ፕሩፍ ሴታፕ»፣ ከዚያ «ከስተም» ብላችሁ አስገቡት፤ «ሬላቲቭ ከለሪሜትሪክ» እና «ብላክ ፖይንት ኮምፐንሴሽን» ይመረጡ። ኮንትሮልና ዋይ ስትጫኑ ኅትመቱ እንዴት እንደሚወጣ ስክሪኑ ላይ ታያላችሁ። ደማቅ ሰማያዊና ብሩህ አረንጓዴ ሲደበዝዙ አትደንግጡ፤ ቀለሙ ከማሽኑ አቅም በላይ ነው፣ ደንበኛውም ከኅትመቱ በፊት ቢያውቀው ይሻላል።

በቴሌግራም ለደንበኛ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። የብዙ ስልኮች ስክሪን ቀለምን እንደሚያጋንንም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አልበሙ ሲደርስ ከስልኩ ጋር ማወዳደራቸው አይቀርም።

7ኛ፦ ሒና፣ ነጠላና ቬሎ

ከውጭ የሚመጡ የሙከራ ፎቶዎች የእኛን ሥራ አይመስሉም። የራሳችሁን የሙከራ ገጽ ሥሩ፤ የወሎ ሠርግ ለዚህ የሚሆን ሀብት አለው።

አንደኛው ሒና ያለበት የሙሽራ እጅ ነው። ሒናው ቀይ ቡናማ ነው፣ ቆዳውም ቡናማ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ነው። ስክሪኑ ቀይ ከበዛበት ሒናው ቆዳው ውስጥ ይጠፋል፣ አረንጓዴ ከበዛበት ደግሞ ጥቁር ቀለም ይመስላል። ከዚህ የተሻለ የቀለም ፈተና አላውቅም።

ሁለተኛው ነጠላና ቬሎ ጎን ለጎን የሚታዩበት ፎቶ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነጭነቱ ወደ ክሬም ያደላል። የቬሎ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ኬሚካሉ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚመልስ በደሴ ደጋ ፀሐይ ሥር በካሜራ ይሰማያዋል። በትክክለኛ ስክሪን ላይ ሁለቱ ነጮች ይለያያሉ። አንድ ዓይነት ሆነው ከታዩ የስክሪኑ ነጭ ተዛብቷል። ቬሎውን ለማንጻት ብላችሁ ሙሉ ፎቶውን ወደ ቢጫ አትግፉት፤ ጥለቱና ፊቱ አብረው ይበላሻሉ። ቬሎውን ብቻ መርጣችሁ ሰማያዊውን ቀንሱ።

እነዚህን ሁለቱን፣ አንድ የጠይም እና አንድ የቀይ ዳማ ሰው ፊት፣ ጥላ ውስጥ ያለ ጥቁር ሱፍ፣ እንዲሁም ግራጫውን ቅልመት አንድ ገጽ ላይ አሰባስባችሁ በ10 በ15 አሳትሙ። አጣቢው «አውቶ ኮሬክሽን» እንዲያጠፋ አጥብቃችሁ ንገሩት፤ ካላጠፋ ማሽኑ በራሱ ፈቃድ ያስተካክለውና ስለ ስክሪናችሁ ምንም አይነግራችሁም።

ኅትመቱን 5000 ኬልቪን አምፖል ሥር ወይም ጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን ይዛችሁ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ስክሪኑ ከወረቀቱ ከበራ ብራይትነሱን ዝቅ አድርጉ፣ ወረቀቱ ከበራ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ቀንሱ ወይም ስክሪኑን ከፍ አድርጉ። ግራጫው ወረቀቱ ላይ ብቻ ቀለም ከያዘ ጉዳዩ የአጣቢው ማሽን ነው፤ ስክሪኑን አትንኩት፣ ሌላ አጣቢ ሞክሩ። አልበሙ አዲስ አበባ የሚታተም ከሆነ ይህቺኑ የሙከራ ገጽ ከመጀመሪያው አልበም ጋር ጨምራችሁ ላኩ፤ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመለስ የተበላሸ አልበም ከአንድ ትንሽ ፎቶ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከዚህ በኋላ

የኤልኢዲ ብርሃን በጊዜ ይደክማል፣ ቀለሙም ይሸሻል። በወር አንድ ጊዜ ልኬቱን መድገም በቂ ነው፤ የሠርግ ወራት ከመግባታቸው በፊት ግን አትዝለሉት። አምፖል ስትቀይሩ፣ ግድግዳ ስትቀቡ ወይም ስክሪኑን ወደ ሌላ ጥግ ስታዛውሩም ከ1ኛው ደረጃ ጀምሩ።

መለኪያ መሣሪያ ለአንድ ፎቶ ቤት ብቻ ውድ ነው፤ ግን በወር የሚሠራው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያሉ ጎረቤታሞች፣ ወይም የደሴና የኮምቦልቻ ጓደኛሞች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ ለሁሉም ይበቃል። ሶፍትዌሩን ስንት ኮምፒውተር ላይ መጫን እንደሚፈቀድ ብቻ ቀድማችሁ አጣሩ፤ ዲስፕሌይካል ገደብ የለውም። መሣሪያው ከአቧራና ከእርጥበት ተጠብቆ በሳጥኑ ውስጥ ይኑር፤ እያንዳንዱ ቤትም ቀኑን፣ የብራይትነሱን ቁጥር፣ ሦስቱን የቀለም ቁጥሮችና ዴልታ ኢውን የሚጽፍበት ደብተር ከሞኒተሩ አጠገብ ያስቀምጥ። ብራይትነሱን 100 ላይ አድርጋችሁም 100 ካንዴላ የማትደርሱበት ወር ሲመጣ ሞኒተሩን ወደ ሒሳብ ሥራ አዛውሩና ለቀለም ሌላ ግዙ።